ማንም ያልነካት የሻረግ

እናንተ፣ እጃችሁን ወደ ኋላ አጣምራችሁ ሰው ሲሞት ቆማችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «እኛስ አናደርገውም» ለማለት አትቸኩሉ። የእርከን ከተማ ሰዎችም እንደዚያ ይሉ ነበር። ለቅሶ የማይቀሩ፣ የታመመ የሚጠይቁ፣ እንግዳ ሳያበሉ የማያሳልፉ ደጋግ ሰዎች ናቸው። አንዲት ሴት በመካከላቸው ስትሞት ግን ሐኪሟም፣ ነርሷም፣ ሕግ አውጪዋም፣ ማሽኑም ጣታቸውን አላነሡም። እንዲያውም አንዳቸውም እንዳልነኳት በማስረጃ ያሳዩአችኋል።

እርከን የዓባይን ገደል ግድግዳ ይዛ ቁልቁል የተሠራች ከተማ ናት። ሰዉ የሚወጣውና የሚወርደው በገመድ በሚሳቡ አሳንሰሮች ነው። አሳንሰሩ ሲያልፍ በገመዱ መሿለኪያ ውስጥ የሚያሰማው ፉጨት ለከተማው ሰው እንደ ነፋስ ነው፤ ጆሮ አይሰጠውም። የፅንስ ምርመራ ቤቱ ያለው ከመካከለኛው እርከን ላይ ነው። እማዋይሽ በዚያ ሐሙስ ጧት እንደ ወትሮዋ ካፖርቷን ደርባ፣ በአሳንሰር የመጡላትን ትንንሽ ጠርሙሶች ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረች።

በየጠርሙሱ ውስጥ አንዳንድ ሰናፍጭ አለች። ሰናፍጭ የሚሏት ከሰናፍጭ ፍሬ ስለማትበልጥ ነው፤ ማርገዟ የታወቀ ሴት ሁሉ በአዋጅ ማኅፀኗ ውስጥ የምታስቀምጣት፣ የፅንሱን የልብ ምት ሰምታ በሰሌዳ ላይ የምታሳይ መሣሪያ ናት። ምቱ ሲቆም ወይም እናትየዋ ስትሞት ሰናፍጯ ትወጣና ወደ እማዋይሽ ትላካለች። የእማዋይሽ ሥራ ከመቆሙ በፊት እዚያ የደረሰው የመጨረሻው እጅ የማን እንደነበረ መለየት ነው። ሐኪሞች የነኩትን ሁሉ የሚያስታውስ መስካሪ ጓንት ያጠልቃሉ፤ የመድኃኒት ማደያውም ይመሰክራል፤ የሕመምተኛ ማመላለሻ ጋሪውም ይመሰክራል። እሷ ስሙን ታወጣለች። የቀረውን የሚጨርሰው ደመላሽ ነው። ደመላሽ የፍርድ ቤቱ ማሽን ነው፤ ከሳሽ ሳይጠብቅ፣ ስሙ የወጣውን ሰው ሰው በመግደል ካሳ ይከሰዋል።

እማዋይሽ ሰው የማታምን ሴት ናት። ባልደረቦቿ ሥራው ነው እንዲህ ያደረጋት ይላሉ፤ እናቷ ግን ጡት ካስጣልኋት ጀምሮ ወተቱን አሽትታ ነው የምትጠጣው ብላ ትስቅባት ነበር። ያም ሆነ ይህ፣ ከጠርሙሶቹ አንዱን ስታነሣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ በራና የልብ ምት ማሳየት ጀመረ።

መጀመሪያ ሰሌዳው ተሳስቷል ብላ አሰበች። ጠርሙሱን አስቀምጣ ስሙን አነበበች፤ የሻረግ ይላል። የአሳንሰር ገመድ ጠጋኝ። ማክሰኞ ሞታ ረቡዕ ተቀብራለች። ጠርሙሱ እንደ ሌሎቹ ደረቅ አይደለም፤ ለብ ያለ የጨው ውሃ ተሞልቶ፣ ሙቀት በሚጠብቅ ሽፋን ተጠቅልሎ ነው የመጣው።

«ጥጋቡ፣ ና እስቲ ይህን እይልኝ» አለች ጎረቤት ጠረጴዛ ያለውን ቴክኒሺያን።

ጥጋቡ አንገቱን አስግጎ አየና ወንበሩን ይዞ ራቀ። «እኔ ምንም አላየሁም።»

«ዓይንህ እዚያው ላይ ተተክሎ?»

«ዓይን አይከሰስም። እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ኋላ ላይ ትመሰክሪልኛለሽ።»

«የሴትየዋ ቀብር ትናንት ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ፤ ቀብሯ ላይ ነበርኩ። ደግሞም አልቅሻለሁ» አለ ጥጋቡ፤ እጁን ግን ከኪሱ አላወጣም።

ወሬው ወዲያው ወደ ኃላፊው ደረሰ። አቶ ላቀው ከቢሮው ወጥቶ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ማን ነክቷታል?» የሚል ነበር። እማዋይሽ ይህን ልብ አለች። ሌላ ሰው ቢሆን «ምን ሆና ነው?» ይል ነበር።

«አስከሬኑ ሳይበርድ ያወጣት የአስከሬን ቤቱ ማሽን ነው፤ ምቷ ስላልቆመ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አኑሮ ላካት» አለች። «እኔ የነካሁት ጠርሙሱን ብቻ ነው።»

«ደግ አደረግሽ። በትክክል እየሠራች ነው ብለሽ ፈርሚና ሞቃት ማቆያው ውስጥ ትግባ።»

«ሴትየዋ ተቀብራለች፣ አቶ ላቀው።»

«የተቀበረችው እናትየዋ ናት።»

«ልጁስ?»

«ሰሌዳውን እዪው።»

«እኔ የማየው ጠርሙሱን ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ውሃና አንዲት ፍሬ እንጂ ልጅ የለም። እርስዎ ይታይዎታል?»

አቶ ላቀው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ የሚታየኝን ማንም አይጠይቀኝም። አዋጁ የሚያውቀው ሰሌዳውን ነው። ምቱ እስካለ ልጁ አለ። ልጁ እስካለ ደመላሽ አይነሣም። ደመላሽ ካልተነሣ ሐኪሞቹም፣ እኛም፣ ሁሉም በየቤቱ በሰላም ያድራል። ማን ተጎዳ?»

«የሻረግ።»

«ነፍሷን ይማረው፤ እሷ በሕመም ነው የሞተችው። የነካት ሰው የለም።»

«እሺ፣ እኔ አሁን አውጥቼ ብከፍታትስ?»

«ምቱ በእጅሽ ይቆማል። የመጨረሻዋ እጅ ያንቺ ትሆናለች። ልጅ ገዳይ ትባያለሽ፤ ያለሽን ሁሉ ሸጠሽ፣ የሌለሽን ተበድረሽ፣ ዕድሜሽን ፍርድ ቤት ትጨርሻለሽ።» ከዚያ እንደ አባት ትከሻዋን ሊነካ እጁን ዘረጋና ትዝ ሲለው መለሰው። «እማዋይሽ፣ እልኸኛ መሆንሽን አውቃለሁ። ይህኛው ግን ዋጋ የለውም። እስከ ነገ ማታ ፈርሚ።»

እማዋይሽ አልፈረመችም። ጠርሙሱን በሞቃት ማቆያ ሣጥን ውስጥ አድርጋ ቆለፈችና ወደ ታች ወረደች። የጠረጠረችው ሐኪሞቹን ነው። ነገሩ ግልጽ መሰላት፤ ምቱ ካልቆመ ክስ የለም፤ ክስ የሚፈራው ሐኪም ነው፤ ስለዚህ ሰናፍጯን ነካክቶ የማትሞት ያደረጋት ሐኪም መሆን አለበት።

ሆስፒታሉ በገደሉ ሆድ ውስጥ፣ ዓለቱ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ ሲገቡበት የውጭው ዓለም ድምፅ ሁሉ ይጠፋል። በኮሪደሩ የሚያልፉት ሐኪሞች ሁሉ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይራመዳሉ። አዋጁ የወጣ ሰሞን ጥንቃቄ ነበር፤ ነፍሰ ጡር አልጋ አጠገብ ሲደርሱ ሳያስቡት እጃቸው እንዳይዘረጋ። አሁን ልማድ ሆኗል። አዲስ የሚመጡ ሐኪሞች ከሁሉ በፊት የሚማሩት አቋቋሙን ነው።

የሻረግን ያከመችው ዶክተር ሐመልማል ናት። ቀጭን፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ሴት ናት። እማዋይሽ ቁጭ እንኳ ሳትል ጀመረች።

«ሰናፍጯን ምን አድርጋችኋት ነው?»

«እኛ ምንም አላደረግንም» አለች ዶክተሯ። ቀጥላ «ይኸው ነው የሠራነው ሥራ» አለች።

«እንቆቅልሽ አይንገሩኝ።»

«እንቆቅልሽ አይደለም። በእግሯ ነው የመጣች። እሑድ ከሥራ ቀጥታ፣ ባሏ ክንዷን ይዞ። የእንሽርት ውሃዋ ያለጊዜው ፈስሷል፤ ልጁ ገና ጨቅላ ነው፤ ውስጥም ይቆይ፣ ውጭም ይውጣ፣ እንደማይተርፍ ሁላችንም እናውቃለን። ትኩሳት ጀምሯታል። ማኅፀኗን ባዶ ማድረግ ነበረብን። አጭር ሥራ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው።»

«ታዲያ?»

«ሰሌዳው ላይ ምት አለ። ምት እያለ ፅንሱን ካወጣሁ ውርጃ ነው፤ ደመላሽ ሰው ገደለች ብሎ ይከሰኛል። አዋጁ የእናት ሕይወት እርግጠኛ አደጋ ላይ ከሆነ ይፈቀዳል ይላል። እርግጠኛ ማለት ምን እንደሆነ ግን አይነግርሽም። የሕግ ክፍላችንን ደጋግሜ ጠየቅኋቸው። ትኩሳቱ ሲያይል ገና ነው አሉ። ስትንቀጠቀጥ ገና ነው አሉ። ደሟ አልረጋ ሲል እንወያይ አሉ። ራሷን ስትስት እርግጠኛ ሆነ አሉኝ። ያን ጊዜ ሐኪም አያስፈልጋትም ነበር፤ ቄስ ነበር የሚያስፈልጋት።»

እማዋይሽ ተቀመጠች። «በሌላ መሣሪያ ምቱን አልሰማችሁም? በራሳችሁ ጆሮ?»

«ሌላ መሣሪያ ያነሣ ሐኪም ምቱ እንዲቆም ተመኝቷል ይባላል። ጓንቱ ይመሰክርበታል። ከእኔ በፊት በዚህ ክፍል የነበረው ሐኪም በዚሁ ነው የጠፋው፤ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም።»

«እሷስ? ምንም አላለች?»

ዶክተር ሐመልማል እጆቿን ከኋላዋ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸውና እንደ ሰው ዕቃ ተመለከተቻቸው። «ብላለች። ‹እኔ እዚህ ነኝ፤ ግድግዳውን ምን ታያላችሁ?› አለችን። አምስት ሆነን ነበር የቆምነው። አምስታችንም ሰሌዳውን ነበር የምናየው።»

ከዚያ ዶክተሯ ቀና አለች፤ ድምፅዋ ተለወጠ። «አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ሰናፍጯን የምትመረምሩት እናንተ ናችሁ። የሕመምተኛዬ ትኩሳት ልጇ ከሞተ የቆየ ሴት ትኩሳት ነበር፤ ሽታውም እንደዚያው። ሰሌዳው ብቻ ነው ሌላ ነገር የሚለኝ። እኔን ከመጠርጠርሽ በፊት ሂጂና ቤትሽን ጥረጊ።»

እማዋይሽ ተነሣች። ስትወጣ አሳንሰሩ ውስጥ ቆማ ሐኪሟ ዋሸች ወይስ አልዋሸችም ብላ መላልሳ መዘነች። ውሸታም ሰው ስለ ሽታ አያወራም ብላ ደመደመች።

በማግሥቱ ማንም ሳይገባ ምርመራ ቤት ደረሰች። ሰናፍጭ የምትይዘው ምቱን ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ በዙሪያው ያለውን ድምፅም ትይዛለች፤ የእናትየዋን ሆድ ጉርምርምታ፣ ትንፋሽ፣ የውጭ ጫጫታ። ለሰሌዳው ስትልክ ግን ያን ሁሉ አጥርታ ታስቀረዋለች፤ ለማንም አያስፈልግም ተብሎ። እማዋይሽ ማጥሪያውን አነሣችና ጠርሙሱን ሳትነካ መስሚያውን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

ልቡ ይመታል። ፈጣን፣ ትንሽ፣ እንደ ጫጩት። ከጀርባው የሩቅ ንግግር አለ። ከዚያ የአሳንሰር ፉጨት። ከፉጨቱ በኋላ አንዲት ሴት አጭር ሳል ሳለች፤ ጉሮሮዋን ያሳከካት ሰው የሚስለው ዓይነት።

እማዋይሽ መስሚያውን ከጆሮዋ ላይ ነጥቃ አወረደች። ክፍሉን ዞራ አየች። ማንም የለም። የተቀበረች ሴት ጠርሙስ ውስጥ ትስላለች።

መልሳ አዳመጠች። ምቱ፣ የሩቁ ንግግር፣ ፉጨቱ፣ ሳሉ። ምቱ፣ የሩቁ ንግግር፣ ፉጨቱ፣ ሳሉ። ሕያው ልብ እንዲህ አይመታም፤ ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ ይደነግጣል። ይህ ግን እንደ ዘፈን አዝማች ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው የሚዞር አንድ ቁራጭ ነው። ሰናፍጯ እየሰማች አይደለም፤ እያስታወሰች ነው። የመጨረሻውን ሕያው ምት ይዛ ያለማቋረጥ ትደግመዋለች።

ከዚያ ፉጨቱን አሰበችው። በዓለቱ ሆድ ውስጥ ያለው ሆስፒታል የአሳንሰር ፉጨት አይደርሰውም። ስለዚህ ይህ ምት የተያዘው የሻረግ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት፣ ገና ሥራ ላይ ሳለች ነው። ልጁ የሞተው ያኔ ነው። በእግሯ ስትገባ፣ አልጋው ላይ ስትወጣ፣ «ግድግዳውን ምን ታያላችሁ» ስትል፣ ግድግዳው ላይ የነበረው የሞተ ልብ ነው። ሰናፍጯ እውነቱን ተናግራ ቢሆን ሐኪሞቹን የሚይዛቸው አዋጅ አልነበረም። ያን አጭር ሥራ ሠርተው ሴትየዋን ወደ ቤቷ ይሰዷት ነበር።

አቶ ላቀው ሲገባ መስሚያውን ዘረጋችለት። አልተቀበላትም።

«አውቀዋለሁ» አለ። «‹ትዕግሥት› ነው የሚባለው።»

«ምኑ?»

«ትእዛዙ ነዋ። ሠሪዎቹ የጻፉላት።» ወንበር ስቦ በጣም እንደደከመ ሰው ተቀመጠ። «በሌላ ከተማ አንዲት ሰናፍጭ ተሳስታ ‹ቆመ› አለች፤ ሐኪሙ አወጣው፤ ልጁ ገና ሕያው ነበር። ደመላሽ ሐኪሙን ትቶ ሠሪዎቹን ከሰሰ። ድርጅታቸው ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሠሪ ሁሉ አንድ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ሲያጠራጥርሽ የመጨረሻውን ድገሚ፤ ‹ቆመ› የምትይው ከማኅፀን ሙቀት ወጥተሽ ሲበርድሽ ብቻ ነው። ብርድ ማለት አንድ ሰው ነክቶ አውጥቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ተጠያቂው ሰውየው እንጂ ሠሪው አይደለም።»

«ስለዚህ አልተበላሸችም።»

«አልተበላሸችም። እንደ ሁላችን ፈርታለች።»

እማዋይሽ ትእዛዙን በልቧ መላልሳ አሰበችው። ከዚያ የባሰው መጣ። ምቱ ሁልጊዜ የሚቆመው አንድ እጅ ሲያወጣት ከሆነ፣ እሷ እስከ ዛሬ ለደመላሽ ያቀበለችው ስም ሁሉ በሞተ ልጅ ላይ የተገኘ እጅ ሊሆን ይችላል። «ስንት ሐኪም? ስንት ሴት?» አለች።

አቶ ላቀው ከወንበሩ ተነሣ። «ዛሬ ማታ ፈርሚ» ብቻ አለና ወጣ።

የሻረግ ባል ይበልጣል ይባላል፤ እሱም የገመድ ሠራተኛ ነው። ከቀብር መልስ ወደ ፍርድ ቤቱ ሄዶ ስለ ሚስቱ ሞት ክስ እንዲከፈትለት ደመላሽን ጠይቆ ነበር። ደመላሽ «የመጨረሻ እጅ አልተገኘም፤ ልጅዎ በሕይወት አለ፤ እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ መለሰለት። ይበልጣል ማሽን አይደበደብም ብሎ ተመለሰ እንጂ መልሱን የሰጠው ሰው ቢሆን ያን ዕለት ነፍስ ይጠፋ ነበር። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደና አውጫጭኝ ይጠራልኝ አለ።

አውጫጭኝ አባቶቻቸው ከደጋው ይዘውት የወረዱት ልማድ ነው። በዳዩ ያልታወቀ ጥፋት ሲፈጸም የአካባቢው ሰው ትልቅ ትንሽ ሳይባል አንድ ሜዳ ላይ ይወጣል፤ ጥፋተኛው እስኪለይ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በግልጽ መናገር የፈራ በሽማግሌ ጆሮ ያንሾካሹካል፤ ሽማግሌውም «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ለሕዝቡ ያሰማል፤ ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። በእርከን ለጠፋ የውኃ መሳቢያ ወይም ለተቆረጠ ገመድ ይጠሩታል። ሽማግሌዎቹ ለሰው ሞት አናውቅበትም ብለው ሲያመነቱ ይበልጣል «ለውኃ መሳቢያ የሚወጣ አገር ለሚስቴ ይቀመጣል?» አላቸው። ቅዳሜ ይሁን አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት አሳንሰሮቹ ከሚገናኙበት ሜዳ ላይ ሰዉ ሞላ። ከገደሉ ሥር የሚነሣው ቀዝቃዛ ነፋስ ነጠላ ያርገበግባል። አውጫጭኝ የቀረ ይቀጣልና ባለሥልጣንም አይቀርም፤ የምክር ቤት አባሏ ወይዘሮ ማዘንጊያም መጥተው ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠዋል። አዋጁን ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ለዚያውም ያረቀቁት በክፋት አይደለም፤ የእርከን ሰው ሁሉ ያውቃል። አንዲት ልጃቸው መውለጃዋ ተቃርቦ ሳለ የጭነት ጋሪ ገጭቶ ገደላት፤ ፍርድ ቤቱ ለልጅቱ ካሳ ፈርዶ ስለ ሆዷ ሲጠየቅ «ሌላ ሟች የለም» አለ። ወይዘሮ ማዘንጊያ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሁለት ብለው ቆጥረዋል። እውነታቸውን ነው። ክፉ ሕግ ሁልጊዜ ከክፉ ሰው ቢወለድ ኖሮ መከላከሉ ምንኛ በቀለለ።

ሽማግሌው አያ ፈንታሁን በብትራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና ወፎቹን አሰሙ።

«ወፍ ነገረችኝ፤ ነርሷ ልትደግፋት ስትል ክንዷን ይዞ የመለሳት ሰው ነበረ። ወፍ ነገረችኝ፤ የሕግ ክፍሉ ሰዎች ምሳ ላይ ነን ብለው ስልክ ሳያነሡ ቆይተዋል። ወፍ ነገረችኝ፤ ባልየው ቀድሞ ያመጣት እንደሆነ ትድን ነበረ።»

ይበልጣል ከተቀመጠበት ዘለለ። «ይህቺን ወፍ አሳዩኝና ክንፏን ልቁጠርላት።»

«ተቀመጥ ልጄ። ወፍ አይጠየቅም።»

ሰው ሁሉ ጎን ለጎን መተያየት ጀመረ። ነርሶቹ ሐኪሞቹን፣ ሐኪሞቹ ሕግ ክፍሎቹን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን። ዶክተር ሐመልማል ተነሥታ ለእማዋይሽ የነገረቻትን ሁሉ በግልጽ ተናገረች፤ ስትጨርስ አንድ ሰው ከኋላ «ነፍሰ ገዳይ» አላት፤ ሌላው «ሕግ አክባሪ ናት፣ ተዋት» አለ። ሁለቱም አላጽናኗትም።

አቶ ላቀው ወደ እማዋይሽ ተጠግቶ «እንደ ወፍ ንገሪያቸው» አላት በለሆሳስ። «በሽማግሌው ጆሮ። ስምሽ አይወጣም። እለምንሻለሁ።»

እማዋይሽ ማታም ሳትፈርምበት ያደረችውን ሞቃት ማቆያ ሣጥን ይዛ ወደ ሜዳው መካከል ወጣች።

«አያ ፈንታሁን፣ እኔ ወፍ አይደለሁም። የምርመራ ቤቷ እማዋይሽ ነኝ። የምነግራችሁ የለኝም፤ የማሰማችሁ ነው ያለኝ።» ጠርሙሱን አወጣችና ድምፁን በአሳንሰሮቹ ማስታወቂያ መናገሪያ ለቀቀችው።

ምቱ ሜዳውን ሞላ፤ ከአሳንሰሮቹ በላይ ባለው ትልቅ ሰሌዳ ላይም በራ። ፉጨቱ መጣ። ሳሉ መጣ።

ይበልጣል ቀስ ብሎ ቆመ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። «የሻረግ ናት» አለ። «የገመዱ አቧራ ነው የሚያስላት። እሑድ እንኳ… እሑድ እንኳ አብሬያት ነበርኩ፤ ‹ውሃ ጠጪበት› ብያታለሁ።» ሳሉ ደግሞ መጣ። «አጥፉልኝ» አለ። «በእናታችሁ አጥፉልኝ።»

እማዋይሽ ድምፁን ዘጋችና ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ሠሪዎቹ ፍርሃት፣ ልጁ መቼ እንደሞተ አንድ በአንድ ተናገረች። ስትጨርስ ጩኸት ይነሣል ብላ ጠብቃ ነበር።

የተነሡት ግን ወይዘሮ ማዘንጊያ ናቸው። ቆመው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በረጋ ድምፅ ተናገሩ። «ለየሻረግ አዝናለሁ። እኔም ልጅ ቀብሬአለሁ። ግን ጥፋቱ የመሣሪያው ነው፤ መሣሪያው ይስተካከል። አዋጁ ደግ አዋጅ ነው፤ ዋስትና ለሌለው ነፍስ ዋስ ሆኗል። እናትን እንደማይከስ ታውቃላችሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አዋጁ የሻረግን አልነካትም።»

«እሱን ነው የምንለው፣ እትዬ» አለች እማዋይሽ። «አልነካትም። አዋጁም አልነካት፤ ሐኪሟም አልነካቻት፤ እኛም አልነካናት። መሣሪያውን እንኳ ሰው መንካት አስፈራነው። ይስተካከል ይላሉ። ማን ያስተካክለዋል? የሚያስተካክለው ሰው እኮ መጀመሪያ መንካት አለበት።»

ከዚያ የጠርሙሱን ክዳን ከፈተች። አቶ ላቀው «እማዋይሽ» አለ፤ አልጮኸም፤ እንደሚለምን ሰው ነው ያላት። እጇን ወደ ለብታው ውሃ አስገብታ ያቺን ፍሬ በሁለት ጣቷ ይዛ አወጣችና በተዘረጋ መዳፏ ላይ አኖረቻት። ጓንት አላጠለቀችም። የገደሉ ነፋስ መዳፏ ላይ አለፈ። ሰናፍጯ በረዳት። ትልቁ ሰሌዳ ላይ የነበረው ምት ወጣ፣ ወረደ፣ ቀጥ ያለ መስመር ሆነ።

ወዲያው ደመላሽ በየሰሌዳው ተናገረ። ድምፁ ጨዋ ነው፤ ሐዘን እንኳ ያለበት ይመስላል። ሕፃን፣ የየሻረግና የይበልጣል ልጅ፣ ዛሬ ቅዳሜ በአሳንሰሮች ሜዳ ሕይወቱ አለፈ። የመጨረሻ እጅ፣ እማዋይሽ። ሰው በመግደል ካሳ ክስ ተከፍቷል። በቤተሰቡ ላይ ስለደረሰው ሐዘን መጽናናትን እንመኛለን።

ከሕዝቡ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፤ ማንም አልተከተለውም። ይበልጣል ወደ እማዋይሽ ሄዶ ከጎኗ ቆመ። ዶክተር ሐመልማልም መጣች፤ እጆቿን ከኋላዋ ፈትታ የእማዋይሽን ክንድ ያዘች፤ ጓንቷም ይህንን እንደሚመሰክር ታውቃለች። ጥጋቡ ግን እስካሁን እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ዓይኑ ደግሞ መሬት ላይ።

ወይዘሮ ማዘንጊያ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ለመሄድ ዞር አሉ። አያ ፈንታሁን ብትራቸውን በመንገዳቸው ላይ ጣል አደረጉት። አውጫጭኝ ነው፤ ማንም አይሄድም።

«እትዬ ማዘንጊያ» አለች እማዋይሽ፤ መዳፏ እንደተዘረጋ ነው። «ይህ እጄ ላይ የቆመው ልጅ ከነበረ ገዳዩ እኔ ነኝ፤ አልሸሽም፤ እዚሁ ያሳስሩኝ። ልጁ ቀድሞ የሞተ ከሆነ ግን አምስት ሰው ቆሞ እያያት፣ ባሏ ደጅ ተቀምጦ፣ መድኃኒቱ እዚያው እያለ፣ የሻረግ በምን ሞተች? ማሽኑ አያውቅም። ሐኪሟ ተናግራለች፤ እኔም ተናግሬአለሁ። የቀሩት እርስዎ ነዎት። በጆሮ አይደለም፤ በወፍም አይደለም። እዚህ ሜዳ መካከል ይውጡና፣ የሻረግን ማን እንደገደላት በአፍዎ፣ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ይናገሩ።»